ከቤተ መንግሥቱ እስከ ቅድስቲቱ ደሴት



ኑሮአቸውን በእንግሊዝ አገር ያደረጉ አንድ የቤተሰብ አባት በቅርቡ የጻፉልን ደብዳቤ ለዚህ ወር ዓምዳችን ምክንያት ሆኖአል። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ወደ ባሕር ዳር እንዲወስዷቸው እንደ ለመኑአቸው ገልጠው፥ እርሳቸው ግን ልጆቹ አሸዋ ቆፍረውና ጣፋጭ በልተው ብቻ እንዲመለሱ እንደማይወዱ፥ ዓይን የሚያየው ነገር ልብንም የሚመግብበት ሥፍራ ካለ እንድናመለክታቸው ይጠይቁናል። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በሰው አገር ልጅ የሚያሳድግ ክርስቲያን ሁሉ ልጁ ያደገበትን ምድር በምን ዓይን እንዲያይ እንደሚያስተምረው ማሰቡ አይቀርም። ልጁ ምድሪቱን ቢንቅ ጎረቤቱን መናቁ ነው፤ የሚያብለጨልጨውን ሁሉ ቢያደንቅ ደግሞ የራሱን ይረሳል።

ስለዚህ በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፥ ኖርዘምበርላንድ በሚባለው ግዛት የምትገኘውን ባምበራ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር መንደርና በዙሪያዋ ያሉትን ታሪካውያን ሥፍራዎች ልናስጎበኛችሁ ወደድን። መንደሪቱ ከኒውካስል ከተማ በስተ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከአንድ ቤተ መንግሥት፥ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን፥ ከአንድ ትንሽ ቤተ መዘክርና ከጥቂት ቤቶች በቀር ብዙ የምታሳየው ያላት አትመስልም። ነገር ግን በዚህች ጠባብ ሥፍራ የወሰዱም የሰጡም ሰዎች አልፈውባታልና፥ ልጆቻችንን ይዘን ስንሄድ በደረስንበት ሁሉ አንድ ጥያቄ እንድንጠይቅ እንመክራለን፤ ይኸውም፥ «በዚህ ሥፍራ ማን ምን ሰጠ?» የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።)

በዓለት ላይ የተሠራው ቤተ መንግሥት

ወደ ባምበራ የሚጓዝ ሰው ገና ከሩቅ ሳለ አስቀድሞ የሚያየው ቤተ መንግሥቱን ነው። ከባሕሩ በላይ 45 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኝ ጥቁር ዓለት ላይ ተቀምጦ፥ በአንድ ወገን ሰፊውን አሸዋ፥ በሌላው ወገን መንደሪቱን ቁልቁል ይመለከታል። ኢዳ የተባለው ንጉሥ በ547 ዓ.ም. በዚህ አገር እንደ ነገሠ ይነገራል፤ የሥፍራው ስም ግን የመጣው ከጊዜ በኋላ ከነበረችው ቤባ ከምትባል ንግሥት ነው። ባምበራ ማለት «የቤባ አምባ» እንደ ማለት ነው። አምባን ለሚያውቅ ለኢትዮጵያዊ ልጅ የዚህን ሥፍራ ጠባይ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ከላይ ሆኖ ለሚከላከል የሚመች፥ ከታች ሆኖ ለሚወጋ የሚከብድ ነው።

ሆኖም በጉልበት የተመካ ሁሉ የሚበልጠው ጉልበት እንደሚመጣበት ይህ አምባ ራሱ ምስክር ነው። በ1464 ዓ.ም. የእንግሊዝ መሳፍንት እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ቤተ መንግሥቱ በመድፍ ተመትቶ እጁን ሰጠ። ከእንግሊዝ ምሽጎች ሁሉ በመድፍ ኀይል አስቀድሞ የወደቀው ይህ እንደ ሆነ ይተረካል። ዘጠኝ መቶ ዓመት የታፈረው ግንብ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እየፈረሰ ኖረ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ግን ከውጊያው ሁሉ ይልቅ ለልጆች ሊነገር ይገባዋል። በ1721 ዓ.ም. የሞተው የደረም ጳጳስ ክሩ ርስቱን ለበጎ ሥራ ተናዞ ነበርና፥ ከርስቱ ጠባቂዎች አንዱ የሆነው ካህኑ ጆን ሻርፕ በዚያው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የፈረሰውን ግንብ እያሳደሰ ለድሆች መጠለያ አደረገው። በነገሥታቱ አዳራሽ ለድኻ ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ለበሽተኞች ያለ ዋጋ መድኀኒት ይሰጥ ጀመር፤ እህል በተወደደ ጊዜ ለችግረኞች በርካሽ የሚሸጥ ጎተራ ተዘጋጀ። በዐውሎ ነፋስ ጊዜ ፈረሰኞች በባሕሩ ዳር እየተመላለሱ የተሰበረ መርከብ መኖሩን ይመለከቱ ነበር፤ ከሞት የተረፉ መርከበኞችም በግንቡ ውስጥ መኝታ ያገኙ ነበር። በ1786 ዓ.ም. ደግሞ የማትሰጥም ሆና የተሠራች ጀልባ በባምበራ ስለ ተዘጋጀች፥ ሥፍራው በዓለም ከታወቁት ቀደምት የነፍስ አድን ጀልባ ጣቢያዎች አንዱ ለመባል በቃ። ሰው ለመግደልና ላለመሞት የተሠራው ግንብ ሰው ለማዳን ዋለ። በብዙ ዘመን ታሪኩ ውስጥ ይህ የክብሩ ዘመን ይመስለናል።

ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ያማረ አዳራሽ በአብዛኛው በ1894 ዓ.ም. ግንቡን የገዛው የዊልያም አርምስትሮንግ ሥራ ነው፤ ቤተ ሰቡ እስከ ዛሬ ባለቤት ነው። አርምስትሮንግ በውኃ ኀይል የሚሠሩ መኪናዎችን የፈለሰፈ ብልኅ መሐንዲስ ነበር፤ ግንቡንም ያሳደሰው ከሕመም ለሚያገግሙ ሰዎች ማረፊያ እንዲሆን አስቦ እንደ ነበር ይነገራል፤ ነገር ግን ሥራው ሳያልቅ በ1900 ዓ.ም. ሞተ። ይኸው ሰው በስሙ የሚጠራውን መድፍም ፈልስፎአል። በ1868 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በዝሆን ጀርባ ጭኖ ካመጣቸው መድፎች መካከል እነዚህ የአርምስትሮንግ መድፎች ይገኙ ነበር። ይህን የምንጽፈው ጎብኚውን ለማስቀየም አይደለም። ነገር ግን የኢትዮጵያ ልጅ በዚያ አዳራሽ ሲመላለስ፥ ያየው ውበትና አያቶቹ የሰሙት የመድፍ ድምፅ ከአንድ ሰው እጅ የወጡ መሆናቸውን አባቱ ሊነግረው ይገባል። ሰው አንድ እጁ ሲያድን ሌላው ሊያጠፋ እንደሚችል ማወቅም ትምህርት ነው።

በመንደሪቱ ያለው ቤተ ክርስቲያን

ከግንቡ ወርደን በእግር ጥቂት ስንሄድ የቅዱስ ኤይደንን ቤተ ክርስቲያን እናገኛለን። የአሁኑ ሕንፃ በአብዛኛው በ12ኛውና በ13ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራ ነው፤ መታሰቢያነቱ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል።

ኤይደን መነኩሴ ነበር። ቤዳ የተባለው እንግሊዛዊ መነኩሴ በ731 ዓ.ም. በፈጸመው የታሪክ መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ ንጉሥ ኦስዋልድ በልጅነቱ ተሰዶ በኖረበት በአዮና ደሴት ካሉ መነኮሳት ለሕዝቡ መምህር እንዲላክለት ለመነ። በመጀመሪያ የተላከው መምህር ሕዝቡ ልበ ደንዳና ነው ብሎ ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ። መነኮሳቱ በጉባኤ ተቀምጠው ሲመክሩ ኤይደን ተነሥቶ፥ መምህሩ ላልተማረ ሕዝብ ከሚገባው በላይ መክበዱን፥ ሐዋርያው እንዳደረገው አስቀድሞ ወተቱን ማጠጣት ይገባው እንደ ነበር ተናገረ። ጉባኤውም የሚላከው እርሱ ራሱ ነው ብሎ በ635 ዓ.ም. ላከው። የአገሩን ቋንቋ ገና አያውቅም ነበርና፥ ሲሰብክ ንጉሡ ራሱ እየቆመ ያስተረጉምለት ነበር። ልጆችን በቁጣ ብቻ ጾምና ጸሎት ለማስለመድ ለምንሞክር ወላጆች ከዚህ የሚበልጥ ምክር ከወዴት ይገኛል?

ስለ ንጉሡም እንዲህ ተጽፎአል። በትንሣኤ ቀን ከኤይደን ጋር ለማዕድ ተቀምጦ ሳለ ብዙ ድኾች በውጭ መቀመጣቸውን ሰማ፤ ወዲያውም በፊቱ የቀረበው ምግብ እንዲሰጣቸው፥ የብሩም ገበታ ተሰባብሮ እንዲከፈላቸው አዘዘ። ሌላው ንጉሥ ኦስዊን ደግሞ ኤይደን ሁልጊዜ በእግሩ የሚሄድ ስለ ነበር ወንዝ የሚሻገርበት ያማረ ፈረስ ሸለመው። ኤይደን ግን በመንገድ ምጽዋት የለመነውን ድኻ ባገኘ ጊዜ ወርዶ ፈረሱን ከነጌጡ ሰጠው። ንጉሡ ቢያዝንበት፥ የፈረስ ልጅ ከእግዚአብሔር ልጅ ይበልጥብሃልን? ሲል መለሰለት። ንጉሡም ሰይፉን ፈትቶ በእግሩ ሥር ወድቆ ይቅርታ ለመነ።

ኤይደን በነሐሴ 31 ቀን 651 ዓ.ም. ያረፈው በዚህ ሥፍራ ነው። በጠና ታሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውጭ ድንኳን ተዘርግቶለት፥ የግድግዳውን ደጋፊ እንጨት ተደግፎ ነፍሱን ለፈጣሪው ሰጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ጊዜ ሲቃጠል ያ እንጨት እንዳልተቃጠለ ቤዳ ጽፎአል፤ ዛሬ በጥምቀት ገንዳው በላይ በጣሪያው የሚታየው ባለ ሁለት ጫፍ አሮጌ እንጨት እርሱ ነው እየተባለ ይነገራል። በዚህ ሕንፃ ሥር ባለው ምድር ቤት ደግሞ በባሕሩ ዳር አሸዋ ውስጥ የተገኙ የ110 ያህል የጥንት ሰዎች አፅሞች በ2016 ዓ.ም. በክብር እንዲያርፉ ተደርጎአል። ሊቃውንት አፅሞቹን መርምረው ብዙዎቹ የአገሩ ተወላጆች እንዳልነበሩ፥ ከስኮትላንድና ከኖርዌይ ወገን፥ ከሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢም ሳይቀር የመጡ እንዳሉባቸው ደርሰውበታል። እንግዳ ሆኖ በዚያ አገር የሚያድግ ልጅ ከእርሱ በፊት ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ እንግዶች በዚያ መኖራቸውንና መቀበራቸውን ሲሰማ ልቡ ይረጋጋል።

ለእኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን ሌላ ነገር ነው። ኤይደንን ያዩ ወንዶችና ሴቶች ከትንሣኤ በኋላ ካለው ከኀምሳው ቀን በቀር ዓመቱን ሁሉ ረቡዕንና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾምን ከእርሱ እንደ ተማሩ ቤዳ ይተርካል። የእነዚህ አባቶች ስም በስንክሳራችን አይነበብም፤ በዘመናቸውም የአብያተ ክርስቲያናት አንድነት ተከፍሎ ነበር። ሆኖም እናቶቻችን በቤት ያስለመዱን የረቡዕና የዓርብ ጾም፥ ከበዓለ ኀምሳው ዕረፍት ጋር፥ በዚያ በቀዝቃዛው ባሕር ዳር ይጠበቅ እንደ ነበር ማወቅ ምንኛ ደስ ያሰኛል! ጾማችን በትምህርት ቤት እንደ ባዕድ ነገር የሚታይበት ልጅ ይህን ቢሰማ ጾሙ ለዚያች ምድር እንግዳ እንዳልሆነ ያውቃል።

የመብራት ጠባቂው ልጅ

በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በባሕር የሚያልፉ መርከበኞች እንዲያዩት ተብሎ የቆመ የአንዲት ወጣት መታሰቢያ አለ፤ ከመንገዱ ማዶም በ1938 ዓ.ም. በስሟ የተከፈተው ትንሽ ቤተ መዘክር ይገኛል። ስሟ ግሬስ ዳርሊንግ ነው። በ1815 ዓ.ም. በባምበራ ተወልዳ፥ አባቷ ሎንግስቶን በሚባለው ዓለት ላይ የመርከቦች መብራት ጠባቂ ስለ ነበር በባሕር መካከል አደገች።

በመስከረም 7 ቀን 1838 ዓ.ም. ሌሊት ፎርፋርሽር የተባለች መርከብ በብርቱ ማዕበል ከዓለት ጋር ተጋጭታ ተሰበረች። ሊነጋጋ ሲል ግሬስ በመስኮት ተመልክታ በሩቅ ዓለት ላይ ሰዎች መኖራቸውን አየች። ማዕበሉ ጀልባ ከምድር እንዲመጣ የሚፈቅድ አልነበረም፤ ስለዚህ አባትና ልጅ ብቻቸውን በትንሽ ጀልባ ቀዝፈው ሄዱ። አባቷ ወደ ዓለቱ ሲወጣ እርስዋ ጀልባይቱ ከዓለቱ እንዳትጋጭ ብቻዋን ትቀዝፍ ነበር። በሁለት ምልልስ ዘጠኝ ነፍሳት ዳኑ፤ ከእነርሱም መካከል ሁለት ልጆቿ በእቅፏ የሞቱባት እናት ነበረች። ግሬስ ከዚያ በኋላ ዝናዋ በአገሩ ሁሉ ወጣ፤ ነገር ግን በሳንባ ነቀርሳ ታማ በ1842 ዓ.ም. ገና በ26 ዓመቷ ዐረፈች። በቤተ መዘክሩ ያቺ ጀልባ እስከ ዛሬ ትታያለች። ልጆቻችሁ በአጠገቧ ይቁሙ፤ ጀልባይቱ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነች ራሳቸው ይፍረዱ።

የባሕታዊው ደሴት

ከባምበራ በስተ ደቡብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲሃውዝስ ከሚባለው ወደብ ጀልባዎች ወደ ፋርን ደሴቶች ይሄዳሉ። ከደሴቶቹ ለምድር የምትቀርበው ውስጠኛዋ ፋርን ትባላለች። ኤይደን ለጸሎት ወደዚህች ደሴት ይወጣ ነበር። አንድ ጊዜ ፔንዳ የተባለው ጠላት ንጉሥ ባምበራን ለማቃጠል የእንጨትና የሣር ክምር በግንቡ ሥር አከማችቶ እሳት ሲለቅ፥ ኤይደን ከደሴቲቱ ጢሱን አይቶ እያለቀሰ ጸለየ፤ ነፋሱም ተመልሶ እሳቱን በአቃጣዮቹ ላይ እንዳዞረ ቤዳ ይተርካል። ግንቡን ያዳነው ባዶ እጁን በባሕር መካከል የቆመ መነኩሴ ነው ማለት ነው።

ከእርሱ በኋላ በ676 ዓ.ም. ገደማ ቅዱስ ከዝበርት በዚህች ደሴት ብቻውን በዓት ጀመረ። የበዓቱን ግድግዳ ከውስጥ ቆፍሮ ከውጭም ከፍ አድርጎ ስለ ሠራው ከሰማይ በቀር የሚያየው አልነበረም። ስንዴ ቢዘራ አልበቅል አለው፤ ገብስ ዘርቶ በበቀለለት ጊዜ ደግሞ ወፎች መጡበት። እርሱም እግዚአብሔር ፈቅዶላችሁ እንደ ሆነ ብሉ፥ ያለዚያ ግን የሰውን አትንኩ ብሎ ቢገሥጻቸው ተዉለት። የገዳማውያን አባቶችን ገድል ሲሰማ ያደገ ሁሉ ይህን ታሪክ እንደ ዘመዱ ታሪክ ይቀበለዋል። ከዝበርት በ685 ዓ.ም. ሳይወድ በግድ ጵጵስና ተሾመ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ ደሴቲቱ ተመለሰና በመጋቢት 20 ቀን 687 ዓ.ም. በበዓቱ ዐረፈ።

ዛሬ ደሴቲቱ የወፎች ናት። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ምንቃራቸው በቀይና በብጫ ያሸበረቀ ጥቁርና ነጭ ትንንሽ የባሕር ወፎች በመሬት ጉድጓድ ይፈለፍላሉ። በአካባቢው ሰዎች ዘንድ በከዝበርት ስም የምትጠራው የባሕር ዳክዬም በመንገድ ዳር እንቁላሏን ታቅፋ ትታያለች። ስሙን ከኦሪት ዘጸአት የምናውቀው አቆስጣ በዓለቶቹ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። ነጫጭ የባሕር ወፎች ጫጩቶቻቸውን ለመጠበቅ የጎብኚውን ራስ በምንቃራቸው ይወጋሉና፥ ለልጆቻችሁ ባርኔጣ መያዝን አትርሱ። የወፍ በሽታ በ2022 ዓ.ም. በገባ ጊዜ ወደ ደሴቲቱ መውረድ ተከልክሎ ነበርና፥ ከመሄድ በፊት ጀልባው በምድር ያወርድ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ባሕር የሚዘጋው መንገድ

ከባምበራ አሸዋ ላይ ቆመው ወደ ሰሜን ሲመለከቱ የሊንዲስፋርን ደሴት በሩቅ ትታያለች። አገሬው እስከ ዛሬ «ቅድስቲቱ ደሴት» ይላታል። ኤይደን በ635 ዓ.ም. ገዳሙን የመሠረተው በዚህች ነው። ንጉሡ የፈለገውን ምድር እንዲመርጥ በፈቀደለት ጊዜ ለቤተ መንግሥቱ የሚታይ፥ ነገር ግን ባሕር የሚለየው ሥፍራ መረጠ።

ወደ ደሴቲቱ የሚወስደው የመኪና መንገድ በአሸዋ ላይ የተሠራ ነው። ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እየሞላ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ደሴቲቱ ወደ አምስት ሰዓት ያህል ከምድር ተለይታ ትቆያለች። የመሻገሪያው ሰዓት በየቀኑ ይለዋወጣል፤ የግዛቱ አስተዳደርም ሰሌዳውን አስቀድሞ ያወጣል። ይህን ሰሌዳ ንቀው እደርሳለሁ ያሉ ሰዎች መኪናቸው በውኃ ተውጦ በነፍስ አድን ጀልባ የሚወጡበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እኛም ከሰዓቱ ቀድመን ደርሰን ውኃው መንገዱን እስኪለቅ በዳር ቆመን ጠብቀናል። አንዱ ባለ መኪና ጥሩንባ ቢነፋ ባሕሩ አልሰማውም። ቀስ በቀስ በመጀመሪያ የእንጨቶቹ ግርጌ፥ ቀጥሎም ጥቁሩ መንገድ ሲገለጥ፥ አብረውን የነበሩት ልጆች እስራኤል ባሕር የተሻገሩበትን ታሪክ ሳንነግራቸው ራሳቸው አነሡት። በአሸዋው ላይ በረድፍ የተተከሉት ረጃጅም እንጨቶች የእግረኛ ተሳላሚዎችን የጥንት መንገድ የሚያመለክቱ ናቸው፤ የአገሩን ባሕር ሳያውቁ በዚያ በእግር መሄድ ግን አይገባም።

በደሴቲቱ የሚታየው ፍርስራሽ የኤይደን ገዳም አይደለም፤ በ12ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራና በ1537 ዓ.ም. በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን የተዘጋ የኋላ ገዳም ነው። ከአምዶቹ በላይ እንደ ቀስተ ደመና ብቻውን የቀረ አንድ የድንጋይ ቅስት አለ፤ ጣሪያው ጠፍቶ ቅስቱ መቆሙ የሚያስደንቅ ነው። የመጀመሪያው ገዳም በ793 ዓ.ም. በመርከብ በመጡ ወንበዴዎች ተዘርፎ መነኮሳቱ ተገድለዋል። የተረፉትም በ875 ዓ.ም. የከዝበርትን ሥጋ በሣጥን ተሸክመው ደሴቲቱን ትተው ወጡ፤ ብዙ ዘመን ከቦታ ወደ ቦታ ሲንከራተቱ ኖረው በ995 ዓ.ም. ተከታዮቻቸው ሥጋውን በደረም አሳረፉት። ዛሬም በደረም ካቴድራል አለ፤ ገበታውን ለድኾች የሰበረው የንጉሥ ኦስዋልድ ራስም በዚያው መቃብር ከመነኩሴው ጋር ዐርፎአል። በደሴቲቱ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስድስት መነኮሳት ሣጥኑን ተሸክመው ሲሄዱ የሚያሳይ ከእንጨት የተቀረጸ ሐውልት ቆሞአል። ታቦቱንና ንዋየ ቅድሳቱን ተሸክመው ከጠላት የሸሹ አባቶችን ታሪክ የምናውቅ እኛ በፊቱ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

መጽሐፉ ወዴት ነው?

በዚህች ደሴት ኤድፍሪዝ የተባለው ጳጳስ ወደ 700 ዓ.ም. ገደማ አራቱን ወንጌላት በጥጃ ቆዳ ብራና ላይ ጽፎ በልዩ ልዩ ቀለም አስጌጠ። መጽሐፉ የሊንዲስፋርን ወንጌል ይባላል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አልድሬድ የተባለ ካህን በላቲኑ መስመሮች መካከል የእንግሊዝኛ ትርጓሜ ጨመረበት፤ ከተረፉት የእንግሊዝኛ ወንጌሎች ሁሉ ጥንታዊው ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አውሳብዮስ ያዘጋጀው የወንጌላት ማመሳከሪያ ሠንጠረዥ በአምዶችና በቅስቶች ውስጥ ተሥሎአል። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት፥ ሊቃውንት ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. ባለው ዘመን መካከል የመደቡአቸው ወንጌሎቻችንም ይህንኑ ሠንጠረዥ በአምዶችና በቅስቶች ውስጥ ይዘዋል። በከዝበርት ሣጥን ውስጥ የተገኘችው ትንሽ የዮሐንስ ወንጌል ደግሞ የተጠረዘችው በግብፃውያን ክርስቲያኖች አሰፋፍ ነው፤ የእኛ ደብተራዎችም ብራና ሲጠርዙ በዚያው ዐይነት አሰፋፍ ይሰፋሉ።

ታዲያ ልጆች በደሴቲቱ ቆመው መጽሐፉ ወዴት ነው ብለው ቢጠይቁ መልሱ አጭር ነው፤ በሎንዶን በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ገዳማቱ ከተዘጉ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ በዚያ ቀረ። የሰሜኑ ሕዝብ መጽሐፉ ወደ ተጻፈበት አገር እንዲመለስለት ደጋግሞ ጠይቆአል፤ በ2013 ዓ.ም. ወደ ደረም፥ በ2022 ዓ.ም. ወደ ኒውካስል በውሰት መጥቶ በታየ ጊዜም ብዙ ሰው ሊያየው ሄዶአል። በዚያው ቤተ መጻሕፍት ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። እነርሱም በመድፍ ድምፅ ከቤታቸው የወጡ ናቸው።

እንግዲህ የሊንዲስፋርን ሰው ስለ መጽሐፉ ሲያዝን ኢትዮጵያዊው ኀዘኑን ሳይተረጎምለት ያውቀዋል። የኢትዮጵያዊውንም ኀዘን የሊንዲስፋርን ሰው ሊያውቅለት ይችላል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ መቅደላ በሚናገሩበት ጊዜ በጥላቻ ሳይሆን በዚህ መንገድ ቢጀምሩ፥ የሚሰማ ጆሮ ያገኛሉ ብለን እናምናለን።

ለመንገደኛ የሚሆን ምክር

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለማየት አይሞከር። አንዱን ቀን ለባምበራ፥ ሁለተኛውን ለፋርን፥ ሦስተኛውን ለሊንዲስፋርን መስጠት መልካም ነው። ነፋሱ በበጋ እንኳ ብርድ አለውና ወፍራም ልብስ ያዙ። ጊዜ የተረፈው በስተ ደቡብ ክራስተር ከምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ተነሥቶ በባሕሩ ዳር በእግሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሄድ የደንስታንበራን ፍርስራሽ ያገኛል። ይህንን ትልቅ ምሽግ በ1313 ዓ.ም. መሥራት የጀመረው መስፍን ቶማስ ከንጉሡ ጋር ተጣልቶ በ1322 ዓ.ም. ተሰየፈ፤ ግንቡ አላዳነውም። ዛሬ በጎች በዙሪያው ይሰማራሉ።

ደብዳቤ ለጻፉልን አባት የምንመልሰው እንግዲህ ይህ ነው። ልጆችዎ አስቀድመው ቤተ መንግሥቱን ይዩ፤ ማድነቅም አይከልክሏቸው። ወደ ማታ ግን ከአሸዋው ላይ አስቀምጠው በዚያ ባሕር ዳር ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ በፍቅር የሚያስበው የማንን ስም እንደ ሆነ ይጠይቁአቸው። ግንቡን የያዙት ነገሥታት አብዛኞቹ ተረስተዋል። ፈረሱን የሰጠው መነኩሴ፥ ገበታውን የሰበረው ንጉሥ፥ ግንቡን ለድኾች የከፈተው ካህን፥ ጀልባይቱን የቀዘፈችው ልጅ ግን አልተረሱም። ልጆቹ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነም፥ በዚያ ምድር ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት የጾሙትን አስበው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይታገሡ፤ ከዚያም የያዙትን ቆርሰው በአንድነት ይቅመሱ።

መንገዳችሁን እግዚአብሔር ያቅና፤ በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ።